ኮምፒውተር ወፍጮ ቤት አይደለም!

ረጅም ነው። ጀበናው እስኪፈላ አንብቡት። ስለ ጀበናውም የምለው አለኝ።

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ስለ ፖለቲካ አልጽፍም። ስለ ደመወዝም አልጽፍም። የምጽፈው ከእጅ መዳፍ ብዙም ስለማትበልጥ ዕቃ ነው። ፕሮሰሰር ላይ ስለምትቀመጠው ማቀዝቀዣ፣ ባለሱቁ «ኩለር»፣ እኛ ባጭሩ «ፋን» ስለምንላት። «ለፋን ነው እንዴ ይሄ ሁሉ?» የምትሉ አላችሁ። አውቃችኋለሁ፣ ክፍል ውስጥም ከኋላ ወንበር ሆናችሁ እንዲሁ ትሉኝ ነበር። እስኪ ታገሡኝ።

መጀመሪያ ታሪኩን ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት ከጅማ ብዙም በማትርቅ አንዲት የቡና ከተማ ወዳለ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ ማፈር ካለ ሁላችንም እኩል ነው የምናፍረው። እዚያ የሚያስተምር ጓደኛዬ «ልጆቹ በኮምፒውተር መፈተንን ይለማመዱልኝ፣ ናና አግዘኝ» ብሎኝ ነው። እንደምታውቁት የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከወረቀቱ ጎን ለጎን በኦንላይንም መሰጠት ጀምሯል። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተር ላብ ማለት የጌጥ ክፍል መሆኑ ቀርቷል። የልጁ ዕጣ ፈንታ የሚወሰንበት ቦታ ሆኗል።

ላቡ ውስጥ 30 ኮምፒውተር አለ። 14ቱ ላይ «የማይሠራ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። የቀሩት 16ቱ ሲበሩ ክፍሉ ወፍጮ ቤት ሆነ። ያጋነንኩ አይምሰላችሁ። ጓደኛዬ መመሪያ ሲሰጥ ጎሮሮው እስኪሰነጠቅ ይጮሃል፤ ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ ያሉት ልጆች ግን ከንፈሩን ብቻ ነው የሚያዩት።

ልምምዱ ተጀመረ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ጥግ ላይ የተቀመጠች ልጅ ስክሪን ድንገት ጥቁር አለ። ልጅቷ ሁለት እጇን ከኪቦርዱ ላይ ወደ ላይ አነሣች፣ ልክ ፖሊስ እንደያዘው ሰው። «ቲቸር፣ ወላሂ ምንም አልነካሁም!» አለችኝ። አረጋጋኋት፣ እንደገና አበራነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ጠፋ። ሦስተኛው ላይ ራሷ ተነሥታ «ይቅርብኝ ቲቸር፣ ለእኔ አይሆንም መሰለኝ» ብላ ደብተሯን ሰበሰበች።

እኔ የተናደድኩት እዚህ ላይ ነው። ይቺ ልጅ ከገጠር ቀበሌ መጥታ ቤት ተከራይታ ነው የምትማረው። ማውዝ በእጇ ስትይዝ ምናልባት ሁለተኛዋ ወይም ሦስተኛዋ ቀን ነው። እና ጥፋቱ የእሷ መሰላት። «ለእኔ አይሆንም» አለች። ያልሆነው ኮምፒውተሩ ነበር። በደንብ ከተነጋገርን ደግሞ ያልሆንነው እኛ ነን።

ኮምፒውተሩን ከፈትኩት። ወይ ጉድ! ፋኑና ከሥሩ ያለው ብረት፣ ሂትሲንክ የምንለው፣ መሐላቸው ላይ አቧራው ምንጣፍ ሠርቷል። በጣቴ ሳነሣው እንደ ብርድ ልብስ አንድ ላይ ተነሣ። አቧራ ብቻም አይደለም። የላቡ መስኮት ፊት ለፊት የቡና መፈልፈያ አለ፤ የጀንፈሉ ገለባ ዱቄት በነፋስ ገብቶ እዚያው ተጋግሯል። ፕሮሰሰሩና ብረቱ መሐል የሚቀባው ፔስት ደግሞ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ነፋስ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። ታፍኖ ነበር የሚሠራው።

«እነዚያ 14ቱስ?» አልኩ። «እነሱ ፕሮሰሰራቸው ተቃጥሏል ተብሏል፣ ሊወገዱ ነው» አሉኝ። «ማን ነው ያየው?» «ባለሙያ።» «ከፍቶ ነው ያየው?» ዝም።

ለመክፈት ፈቃድ ጠየቅን። ንብረት ክፍሉ «ሞዴል 22 የወጣበት ዕቃ ነው፣ ኮሚቴ ሳይቀመጥ አይከፈትም» አለ። ኮሚቴው እስኪቀመጥ ዘጠኝ ቀን ሄደ። ሥራው አንድ ቀን ተኩል ፈጀ። አንድ የቀለም ብሩሽ፣ አንድ የብስክሌት ጎማ መንፊያ፣ አልኮል፣ ጥጥና ከአንድ ኪሎ ቡና ዋጋ የማይበልጥ ፔስት ነበር የያዝነው። ከ14ቱ 11ዱ ተነሡ። የሦስቱ ሕመም ሌላ ነበር፤ የአንዱ ፓወር ሰፕላይ፣ የሁለቱ ማዘርቦርድ። እነሱን ሸኘናቸው።

አስራ አንድ ኮምፒውተር! በብሩሽ! ሊጣሉ የነበሩ!

እንግዲህ ጠብ የሚያስነሣው ክፍል እዚህ ይጀምራል። በዚህ ጉዳይ ላይ በጅማም፣ በአጋሮም፣ በሊሙ ገነትም፣ በሰርቦም ሲወራ የምሰማቸው አምስት ውሸቶች አሉ። አንዳንዶቹን የሚያወሩት የገዛ ተማሪዎቼ ናቸው። ስለምወዳችሁ ነው የምናገረው።

ውሸት አንድ፦ «ፕሮሰሰሩ ተቃጥሏል።»

የሥራችን ሁሉ ትልቁ ማምለጫ ይሄ ነው። ደንበኛ «ይጠፋብኛል» ይላል፣ ባለሙያው ሳይከፍት «ፕሮሰሰር ነው» ይላል፣ ሰውየው አዲስ ይገዛል። የዛሬ ፕሮሰሰር ግን በሙቀት እንዲህ በቀላሉ አይሞትም። ውስጡ የሙቀት መለኪያ አለው። የኢንቴሎቹ አብዛኞቹ 100 ዲግሪ አካባቢ፣ አዳዲሶቹ የኤ.ኤም.ዲ. ራይዘኖች ደግሞ 90 ወይም 95 ዲግሪ ሲደርሱ ራሳቸውን ያዘገያሉ። ከዚያም ካለፈ ራሳቸውን ያጠፋሉ። የልጅቷ ኮምፒውተር ያደረገው ይሄንኑ ነው። አልሞተም፣ ራሱን አዳነ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2001 ቶምስ ሃርድዌር የሚባለው ድረ ገጽ አንድ የታወቀ ቪዲዮ አውጥቶ ነበር። የሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ኩለሩን ሲያነሡት የኢንቴል ፔንቲየም 4 ዝግ ብሎ መሥራቱን ቀጠለ፤ የኤ.ኤም.ዲ. አትሎን ግን በሰከንዶች ውስጥ ጨሰ። ከዚያ ወዲህ ሃያ ምናምን ዓመት አልፏል፤ ሁሉም ተምሯል። ያልተማርነው እኛ ነን፣ ዛሬም የ2001ን ምክንያት እንሰጣለን።

አሁን ወደ ጀበናው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ «100 ዲግሪ ደርሷል» የሚል ፕሮሰሰር ከፊታችሁ ከሚንተከተከው ጀበና በላይ ሞቋል ማለት ነው። ኮር ቴምፕ ወይም ኤች ደብሊው ሞኒተር የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ፤ ጫኑና እዩ። ሥራ በዝቶበት ከ80 በታች ከሆነ ተኙ። 95 ላይ ተሰቅሎ ከቀረ ብሩሽ አንሡ።

ውሸት ሁለት፦ «የሚጮህ ኮምፒውተር ኃይለኛ ነው።»

ይሄ ጌም ቤቶችና ቪዲዮ ኤዲት የሚሠሩ ልጆች ጋ የተለመደ ነው። «እንዴት እንደሚያገሳ ስማው፣ አውሮፕላን ነው'ኮ!» ይሉኛል። አይ ወንድሜ! የሚያገሳው የተጨነቀ ስለሆነ ነው። ማዘርቦርዱ ሙቀት ሲያይ ፋኑን ያፈጥናል። ድምፁ ትኩሳት ነው። ልጅ ሲያቃጥለው ሲያለቅስ «ጉልበቱ ጨመረ» አንልም።

ትንሽ ቁጥር ታገሡ፣ ከፊዚክስ መምህሮቻችሁ ብትጠይቁም አይክዱም። የአንድ ፋን ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የሚገፋው አየርም እጥፍ ገደማ ይሆናል። ድምፁ ግን በ15 ዲሲቤል ገደማ ይጨምራል። ለጆሮ 10 ዲሲቤል ማለት ራሱ እጥፍ ጩኸት ነው። በተቃራኒው ሁለት እኩል ፋኖች ጎን ለጎን ቀስ ብለው ሲዞሩ ጭማሪው 3 ዲሲቤል ብቻ ነው። ትርጉሙ ምንድን ነው? ጸጥታ የሚገኘው ከትልቅና ከዝግተኛ ፋን ነው። 120 ሚሊሜትር ፋን ተዝናንቶ የሚያንቀሳቅሰውን አየር፣ 80 ሚሊሜትሯ ለማንቀሳቀስ እንደ እብድ መዞር አለባት። ትልቅ ሰው በዝግታ ሲራመድና ሕፃን ልጅ ከጎኑ ሲሮጥ አስቡት። እኩል ይደርሳሉ፤ የሚያለከልከው ግን አንዱ ነው።

«ድምፅ ምን ያደርጋል?» የሚለኝ አለ። ክፍሌ ግባና አንድ ሰዓት አስተምር! መዝሙርም ሆነ መንዙማ የሚቀዳውን ስቱዲዮ ጠይቅ። ሌሊት ሌላው ቤተሰብ ሲተኛ በአንድ ክፍል ውስጥ የምታጠናዋን ልጅ ጠይቅ። ጸጥታ የሀብታም ቅንጦት አይደለም። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ለሚኖር ሰው ይበልጥ ያስፈልጋል።

ውሸት ሦስት፦ «መብራት ያለው ይበልጣል፤ ውሃ ያለው ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል።»

ሂርማታም ሆነ ፈረንጅ አራዳ ሱቅ የከፈታችሁ ልጆቼ፣ ኮርቼባችኋለሁ። ግን የምታሳዩን ነገር ቀስተ ደመና ብቻ ሆነ! ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ የሚያበራ ኩለር። ብርሃኑ አንዲት ዲግሪ አያወርድም። ማታ ክፍሉን የጭፈራ ቤት ያስመስላል እንጂ።

መተቸት ብቻ እንዳይሆን የራሴን ላውራ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም ተታልያለሁ። አዲስ አበባ ሄጄ ባለ ውሃ ኩለር ገዛሁ። መብራቱ ያምር ነበር፤ ሁለት ወር ሙሉ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሽፋኑን እያነሣሁ አሳየሁ። ከዓመት ከምናምን በኋላ ፓምፑ መንዘር ጀመረ፣ ከዚያ ዝም አለ። መለዋወጫ? የለም። ዋስትና? «ከሱቅ እስኪወጣ ነው» አሉኝ። የውሃ ኩለር በራሱ መጥፎ አይደለም፤ ብዙ ዋት ለሚበላ ትልቅ ፕሮሰሰር ጥሩ ነው። የተራ ፋን ሲሞት ግን ሌላ ፋን ታሥርበታለህ፣ ያልፋል። ፓምፕ ሲሞት ሙሉው ዕቃ ይሞታል። ጅማ ላይ የምትጠግነው ማነው?

ደግሞስ ለምን ተብሎ? ብዙዎቻችሁ ቤት ያለው ፕሮሰሰር፣ ኮር አይ 5-6500 ይሁን ራይዘን 5 5600፣ 65 ዋት ነው። ድሮ ጣሪያችን ላይ ይንጠለጠል የነበረው ባለ 60 ዋት አምፖል ያህል ማለት ነው። ቁጭ ብሎ የሚያወራ ሰው እንኳ 100 ዋት ያህል ሙቀት ያወጣል! ችግሩ የሙቀቱ ብዛት አይደለም፤ ከጥፍር ብዙም ከማይሰፋ ቦታ መውጣቱ ነው። ስለዚህ የሚፈለገው ያንን ሙቀት ከጠባቡ ቦታ አንሥቶ ሰፊ ብረት ላይ የሚበትን ነገር ነው።

ይሄንን የሚሠሩት ኩለሩ ላይ የምታዩአቸው የመዳብ ቱቦዎች ናቸው። ድፍን ብረት እንዳይመስሏችሁ። ውስጣቸው ክፍት ነው፣ ጥቂት ፈሳሽ አለበት። ፈሳሹ ፕሮሰሰሩ ጋ ሲደርስ ይተናል፤ እንፋሎቱ ቀዝቃዛው ጫፍ ሲደርስ እንደገና ውሃ ይሆንና ይመለሳል። እንጀራ ስትጋገር አክንባሎው ሥር የሚጠራቀመውን ጠብታ አስቡ። ያው ነው። ሞተር የለውም፣ ፓምፕ የለውም፣ የሚሰበር ነገር የለውም። እናቶቻችን ምጣድ ላይ በየቀኑ የሚያዩትን ነገር ነው ፋብሪካ ቱቦ ውስጥ ያሸገው።

ውሸት አራት፦ «ጎኑን ክፈተውና ቬንትሌተር አቁምበት።»

ይሄን ያላደረገ እጁን ያውጣ። እኔም አድርጌዋለሁ። ለአንድ ከሰዓት በኋላ ያድናል፣ እሺ። ለዓመት ግን ግድያ ነው። ክፍት ኬዝ ማለት አቧራውን፣ የእጣኑንና የቡና ቁላቱን ጭስ፣ በረሮውንና ሸረሪቱን «ቤት ለእንግዳ» ማለት ነው። የጭሱ ቅባት ብረቱ ላይ ይለጠፋል፣ አቧራው ቅባቱ ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያ በመንፊያ እንኳ አይወጣም። ከፊት ቀዝቃዛ አየር የሚያስገባ፣ ከኋላ ትኩሱን የሚያስወጣ አንድ አንድ ፋን ያለው የተዘጋ ኬዝ ከየትኛውም ቬንትሌተር ይሻላል። ቤት ስንሠራ መስኮት ፊት ለፊት የምናደርገው ለምን ሆነና?

እዚሁ ላይ ኮልጌቱን ላንሣ። አዎ፣ የጥርስ ሳሙና በፔስት ፋንታ የምትቀቡ አላችሁ። ተማሪ ሳለሁ እኔም ቀብቻለሁ። መጀመሪያ ይሠራል፣ ለዚህ ነው የሚያሳስተው። ውሃው ሲደርቅ ግን ኖራ ይሆንና ይባስ ሙቀቱን ያፍናል። የፔስት ሥራው ሁለቱ ብረቶች መሐል ያለውን፣ ዓይን የማያየውን የአየር ክፍተት መሙላት ነው። ጥቂት ይበቃል። የቡና ፍሬ ግማሽ ታክላለች፣ መሐል ላይ ጠብ አድርጉና ኩለሩን ጫኑበት። እንደ ዳቦ ማርማላት አትለቅልቁት።

ውሸት አምስት፦ «አትንካው፣ ያስጠይቃል።»

ይሄ ለቢሮዎቻችንና ለትምህርት ቤቶቻችን ነው። ሞዴል 19 ሞልተን እንረከባለን፣ በሞዴል 22 እናወጣለን፣ ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ታቦት ይሆናል፤ የሚነካው የለም። አቧራ ለማራገፍ ኮሚቴ፣ ፔስት ለመግዛት ፕሮፎርማ። ማስወገድ ግን ቀላል ነው፤ «አገልግሎት የማይሰጥ» ብሎ ወደ መጋዘን። የነካ ይጠየቃል፣ ያልነካ አይጠየቅም። 14 ኮምፒውተር አቧራ አፍኗቸው ሲቆሙ የተጠየቀ ሰው አለ? ልጅቷ «ለእኔ አይሆንም» ስትል ማን ተጠየቀ?

የንብረት ክፍል ሠራተኛው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም። እሱም ከደመወዙ እንዳይቆረጥ ይፈራል። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እፈራ ነበር። እኔ የምለው ደንቡ ውስጥ አንዲት መስመር ትግባ ነው፦ በዓመት ሁለት ጊዜ የአይ.ሲ.ቲ. መምህሩና ሁለት ተማሪዎች ባሉበት ተከፍቶ ይጽዳ፣ ይፈረም። በቃ። አንዳንዱ ደግሞ «አንተ ዲፕሎማ ነህ፣ ምን አገባህ?» ይለኛል። እውነት ነው፣ ዲፕሎማ ነኝ። አቧራ ግን ዲግሪ አይጠይቅም።

ወቅቱንም እኛ አገር ማንም አይነግራችሁም። የውጭ ሰው «በየስድስት ወሩ» ይላል። እኛ ጋ ቡና የሚለቀመውና የሚደርቀው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፤ ጀንፈሉ ሲፈለፈል ዱቄቱ ከተማውን ያለብሰዋል። ስለዚህ አንዴ መስከረም ላይ፣ አንዴ የካቲት መጨረሻ ላይ አጽዱ። ስታጸዱ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ስትነፉ ፋኑን በጣታችሁ ያዙት፣ በመንፊያው ኃይል ካበደ ይበላሻል። እርጥብ ጨርቅ አታስጠጉ። የኤ.ኤም.ዲ. ከሆነ ኩለሩን ወደ ላይ ከመጎተታችሁ በፊት ትንሽ አሠርታችሁ አሙቁት፣ አጥፉና ነቅላችሁ ቀስ ብላችሁ አጠማዙት፤ አለዚያ ፕሮሰሰሩ አብሮ ተነቅሎ እግሮቹ ይጣመማሉ።

«እሺ ቲቸር፣ አጸዳነው፣ አሁንም ይጮሃል። ምን እንግዛ?»

ጎበዝ፣ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው።

መጀመሪያ ኬዛችሁን በማስመሪያ ለኩ። ጥሩ የሚባሉት ቆመው የሚሠሩ ኩለሮች ቁመታቸው 155 ሚሊሜትር አካባቢና ከዚያም በላይ ነው። እኛ አገር ሞልቶ ያለው ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ ደግሞ፣ ያ ቀጭኑ፣ ውፍረቱ ራሱ 10 ሴንቲሜትር አይሞላም። አይገባም! አንድ ተማሪዬ በእኔው ምክር ገዝቶ አልገባለት ብሎ ሽፋኑን በመጋዝ ሊቆርጥ ሲል ደርሼበታለሁ። ያኔ ሳልለካ መናገሬ የእኔ ጥፋት ነው፣ ዛሬም ያሳፍረኛል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ የዴልና የኤች ፒ የቢሮ ኮምፒውተሮች የፋን መሰኪያቸውና ብሎናቸው የራሳቸው ነው። የውጭ ፋን ስትሰኩ ሲነሡ «ፋን የለም» ብለው ይቆማሉ። ለእነሱ የሚሻለው ማጽዳት፣ ፔስት መቀየርና የራሳቸውን ሞዴል ፋን መፈለግ ነው። ገና ያገለገለ ኮምፒውተር የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ቀጭኑን ተዉት፣ ትልቁን ኬዝ ምረጡ። ቀጭኑ ጠረጴዛ ላይ ያምራል፤ ትልቁ ግን ይተነፍሳል።

ሁለተኛ፣ ሶኬቱን እወቁ። ኩለሩ ካርቶን ላይ የእናንተ ሶኬት ስም ከሌለ «ይሆናል፣ ትንሽ ገፋ ማድረግ ነው» የሚልን ባለሱቅ አትስሙ። የሚገፋ ነገር የለም።

ሦስተኛ፣ አራት ነገር እዩ፦ 120 ሚሊሜትር ፋን፣ ቢያንስ አራት የመዳብ ቱቦ፣ ባለ አራት እግር መሰኪያ (ማዘርቦርዱ ፍጥነቱን በደንብ የሚቆጣጠረው በእሱ ነው)፣ እና በብሎን የሚታሰር ማሠሪያ። ዲፕኩል ኤ.ኬ. 400፣ የኩለር ማስተሩ ሃይፐር 212፣ የአርክቲክ ፍሪዘሮች በዚህ መደብ ያሉ ናቸው። ለ65 ዋት ከበቂ በላይ። ከፍ ያለ ከፈለጋችሁ የተርማልራይቱ ፒርለስ አሳሲን 120 ኤስ.ኢ. አለ፤ ስድስት ቱቦ፣ ሁለት ፋን፣ ውጭ አገር 35 እስከ 40 ዶላር አካባቢ የሚሸጥ። የኦስትሪያው ኖክቱዋ ኤን.ኤች.-ዲ 15 ደግሞ ከ2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የጸጥተኞቹ ንጉሥ ተብሎ የኖረ ነው። ቀለሙም ቡና በወተት ነው፣ ለጅማ የተሠራ ይመስላል! ግን ዋጋው ከ100 ዶላር በላይ፣ ቁመቱ 165 ሚሊሜትር ነው። ለእኔና ለእናንተ ማየት ይበቃናል።

ዶላር ብቅ ይላል ብዬ አልነበር? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ያኔ የጣልነው ኮምፒውተር ዛሬ በእጥፍ ብር ነው የሚተካው። «አዲስ ግዛ» የሚል ምክር በ2010 ስንፍና ነበር፤ ዛሬ ዝርፊያ ነው።

አራተኛ፣ ከፍታችንን አትርሱ። አየራችን ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት የሚሸከመው ያንሳል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ «እስከ 65 ዋት» የሚለውን ለ65 ዋት ፕሮሰሰር አትግዙ፤ ከፍ ያለውን ያዙ። በሌላ በኩል ደግሞ አላህ ይመስገን፣ ጅማ አፋር አይደለችም። ማንኛውም ፋን ከክፍሉ አየር በታች ማቀዝቀዝ አይችልም፤ የእኛ ክፍል አየር ግን ራሱ ቀዝቀዝ ያለ ነው። የሰጠንን ነፋስ በአቧራ ካልዘጋነው ይበቃናል።

አምስተኛ፣ ባዮስ ውስጥ ግቡና ፋኑ ከ60 ዲግሪ በታች ዝግ እንዲል አድርጉ። ብዙ ማዘርቦርዶች ላይ «ስማርት ፋን» የሚል ቦታ አለ። አንድ ሳንቲም አያስወጣም። የግማሾቻችሁ ጩኸት እዚህ ላይ ያልቃል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር። በቅርቡ አጋሮ ላይ አንድ ሐጂ፣ የቡና ነጋዴ ናቸው፣ የቢሮአቸው ኮምፒውተር «አረጀ» ተብሎ ሊጥሉት ሲሉ ጠሩኝ። ከመፈልፈያው አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ከፍቼ አሳየኋቸው፣ ያንን የአቧራ ብርድ ልብስ። ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው አዩትና «መምህር፣ ቡና አልጋ ላይ ካልተገላበጠ ይታፈንና ይሻግታል። ይሄም እንደዚያው ነው በለኛ» አሉኝ። «ልክ ነው ሐጂ፣ እንደዚያው ነው» አልኳቸው። «ታዲያ ይሄን ያህል ሰው ሲመጣ ለምን አንድም አልነገረኝም?» አሉ።

መልስ አጣሁ። አሁን እናንተን እጠይቃለሁ። ኮምፒውተር ትጠግኑ የነበራችሁ፣ ሱቅ የከፈታችሁ፣ ቢሮ የገባችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ለምን አንነግራቸውም? «አጽዳው» ማለት «አዲስ ግዛ» ከማለት ያነሰ ገንዘብ ስለሚያስገኝ ነው? ከሆነ እሺ፣ ለማጽዳቱ በግልጽ ዋጋ ጠይቁ። ሥራ ነው፣ ሰው ይከፍላል። ሐጂም ከፍለውኛል፣ አንድ ፈረሱላ ያህል ምርቃትም ጨምረውበት።

የኔ ልመና ይሄ ነው። በዚህ ሳምንት አንድ ኮምፒውተር ክፈቱ። የራሳችሁን፣ የጎረቤታችሁን፣ የቀድሞ ትምህርት ቤታችሁን። ፎቶ አንሡና ከዚህ ጽሑፍ ሥር ለጥፉት፤ ከማን ኮምፒውተር የወጣው አቧራ እንደሚበልጥ እናያለን። መስከረም ላይ ብሩሽና ፔስት ይዤ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት ልዞር አስቤያለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በነፃ። አብሮኝ የሚዞር ሁለት ሰው እፈልጋለሁ። ፈቃዱን ከአሁኑ ጠይቁልኝ፣ ዘጠኝ ቀን ይፈጃልና።

ልጅቷስ አላችሁኝ? ኮምፒውተሩ ከተጸዳ በኋላ ያው ጥጓ ላይ ተቀመጠች። ሁለት ሰዓት ሙሉ አልጠፋም። ስትጨርስ መጥታ «ቲቸር፣ ዛሬ ደግሞ ዝም አለ፣ ተበላሸ እንዴ?» አለችኝ።

አልተበላሸም ልጄ። የሚሠራ ኮምፒውተር ዝም ይላል።

ጽሑፉን ሼር አድርጉት፣ በተለይ ለንብረት ክፍል ሠራተኞች። ቡናው ፈልቷል፣ ልነሣ።